ዕጢውን ሐኪሙ አወጣው፤ ከዚያስ?

ሰሞኑን «ቤተሰብ ዕጢ አያወጣም» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ካንሰር ይዞት ኦፕሬሽን የተደረገለት ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ በሽታው የተገኘበት ደረጃ እና የቀዶ ሐኪሙ እጅ። ትዳር፣ ልጆች፣ ጓደኛ፣ ገቢ፣ ብቻ መኖር፣ እነዚህ ሁሉ ስሜትን ይነካሉ እንጂ ዕድሜ አይቀጥሉም። «ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውም ለማጽናኛ የተባለ ነው ይላሉ።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ ታማሚዎች «ሰው ስለሌለኝ መሞቴ ነው» ብለው እንዳይሸበሩ ማሰባቸው ያስታውቃል። ይህን አከብራለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን የሚጎዳው እነዚያኑ ሰዎች ነው። መጨረሻ ላይ «የታማሚን ኑሮ መጠየቅ የሆስፒታል ሥራ አይደለም» ብለዋልና። እኔ እህቴን ከአንጀት ካንሰር ኦፕሬሽን በኋላ አስታምሜአለሁ። ያ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ኦፕሬሽኑ ከተሳካ ሌላው ትርፍ ነው»

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ደረጃውና ኦፕሬሽኑ ናቸው። ዕጢው በደንብ ተጠርጎ ካልወጣ የዘመድ ብዛት አያወጣውም። እዚህ ላይ አንጣላም።

የምንለያየው ከኦፕሬሽን ክፍሉ ከተወጣ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። የተሰፋው አንጀት ሊያፈስ ይችላል። እግር ላይ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ የሚመጣውም ቀላል አይደለም። በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ82 አገሮች ወደ 16,000 የሚጠጉ የጡት፣ የአንጀትና የጨጓራ ካንሰር ኦፕሬሽን የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። በአንጀትና በጨጓራ ካንሰር፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሚሞተው ሰው በጣም ይበዛል። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ደግሞ ከኦፕሬሽን በኋላ ከባድ ጣጣ በገጠማቸው ሰዎች ላይ ነው። ጣጣው የትም አገር ይመጣል። ከጣጣው መትረፍ ግን የትም አገር እኩል አይደለም።

ይህ በአብዛኛው የሆስፒታሎች አቅም ጉዳይ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ማንኛውም ሆስፒታል ታማሚን ማትረፍ የሚችለው ታማሚው በጊዜ ከደረሰለት ብቻ ነው። አልጋ ላይ ሳለ ትኩሳቱን ነርሷ ትለካለች። ቤት ሲገባ ማን ይለካል?

እህቴ አንድ ምሽት «በርዶኛል፣ ሌላ ምንም የለብኝም» ብላ ተጠቀለለች። ቴርሞሜትሩ 38.6 አሳየ። እሷ «እስከ ነገ እንየው» አለች። ታማሚ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ ሰው ማስቸገር አይፈልግም፣ ወደዚያ አልጋ መመለስም ያስጠላዋል። ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ የራሱን አደጋ በትክክል አይመዝንም። ክርክሩን ትቼ ይዣት ሄድኩ። ሆዷ ውስጥ መግል ቋጥሮ ነበር። በቱቦ ወጣላት፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣት፣ ተሻላት። ይህን የምናገረው ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም። የሠራሁት ሥራ እጅግ ተራ ነበር። አጠገቧ ነበርኩ፣ ለካሁ፣ መኪና ጠራሁ። ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ግን ያን ሌሊት ተጠቅልላ ታሳልፈው ነበር።

ስለ መርፌውም ላንሳ። ሆድ ውስጥ የካንሰር ኦፕሬሽን የተደረገለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ የሚወሰድ መርፌ አለ፤ ኢኖክሳፓሪን ከታወቁት አንዱ ነው። በ2002 የወጣ ጥናት እንዳሳየው መርፌውን አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ከወሰዱት ውስጥ 12 በመቶዎቹ ላይ የረጋ ደም ሲገኝ፣ ለአራት ሳምንት ከቀጠሉት ላይ የተገኘው 4.8 በመቶ ብቻ ነው። አራት ሳምንት ማለት ደግሞ አብዛኛው የሚወጋው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። የሆድን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ፣ ተሞልቶ የመጣውን ሲሪንጅ ትንሿን የአየር አረፋ ሳያስወጡ ቀጥ አድርጎ መውጋት፣ ከዚያም ቦታውን አለማሸት። ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ሆዱ ላይ ረጅም ስፌት ላለው፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥና መርፌ ለሚፈራ ሰው ግን በየቀኑ የሚመጣ ፈተና ነው። የሚወጋለት ከሌለ ይዘለዋል። የሐኪም ማዘዣው ላይ የሚወጋለት ላለውም ለሌለውም አንድ ዓይነት መድኃኒት ታዞላቸዋል። ሰውነታቸው ውስጥ የገባው ግን አንድ አይደለም።

ሌላም አለ። የእህቴ የትንሹ አንጀት ጫፍ ለጊዜው በሆዷ በኩል ወጥቶ ከረጢት ተገጥሞለት ነበር። ከረጢቱ ሲሦው ወይም ግማሹ ሲሞላ ይደፋል። ሲደፋ ደግሞ መጠኑ ይለካል። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ እየወጣ ከሆነ ሰውነት ውኃና ጨው እያጣ ነው፤ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ኦፕሬሽን የተደረገላቸውን ሰዎች ሆስፒታል ከሚመልሱ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ የውኃ እጥረት ነው። ስለዚህ ምልክት ያለበት ማሰሮ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚደምር ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ጸሐፊው «ማጽናኛ» ብለውታል። እኔ ሕክምና ነው እላለሁ። የሚሰጠው ሰው ነጭ ጋዋን ስላልለበሰ ሕክምናነቱ አይቀርም።

«ያገቡት ዕድሜ የሚያገኙት ድሮም ጤነኞች ስለሆኑ ነው»

ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ነው፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። የሚሉት እንዲህ ነው። ጤነኛና ገቢ ያለው ሰው ማግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ያገባ ታማሚ ረጅም ዕድሜ ቢኖር ትዳሩ አይደለም የረዳው፤ ድሮም የነበረው ጤናና ገንዘብ ነው።

ከፊሉ እውነት ነው። ግን ጥናቶቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ብዙ ሰው የሚገድሉ 10 የካንሰር ዓይነቶች ያለባቸውን 734,889 ታማሚዎች መረጃ መርምሯል። ያገቡት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የመገኘት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ዋናውን ሕክምና፣ ማለትም ኦፕሬሽን ወይም ጨረር፣ የማግኘት ዕድላቸው የበለጠ ነበር። የበሽታው ደረጃና የተሰጠው ሕክምና ከግምት ገብቶም በካንሰሩ የመሞት አደጋቸው በ20 በመቶ ያንስ ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ በአንድ ቦታ ብቻ የመጣ አይደለም። ሰውየውን «ተመርመር» ብሎ ከመጎትጎት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክትትል ድረስ በየደረጃው አለ። ጤናና ገንዘብ የዚህን የተወሰነ ክፍል ያብራሩ ይሆናል። ሁሉንም ያብራራሉ ለማለት ግን ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ የለም።

አሁን ደግሞ ትዳራቸው ሳይፈርስ ተለያይተው የሚኖሩትን እንይ። በ2009 የወጣ ሌላ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ያገቡትን፣ ያላገቡትን፣ የተፋቱትን፣ የትዳር አጋር የሞተባቸውንና ካንሰሩ ሲገኝ ተለያይተው የነበሩትን አወዳድሯል። ከሁሉም የከፋው ውጤት የተለያዩት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ካገቡት 63 በመቶ ያህሉ በሕይወት ሲኖሩ፣ ከተለያዩት የተረፉት 45 በመቶ ያህሉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ አግብተዋል። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ የጤነኛነቱ ዕድል ለእነሱም በደረሳቸው ነበር። ከሁሉም ብሰው የተጎዱት፣ የሚደግፋቸው ቤት ልክ በክፉ ጊዜ ስለፈረሰባቸው ይመስለኛል።

ደግሞስ ጉዳዩን ለምን ትዳር ላይ ብቻ እናቆመዋለን? እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ በ2006 የወጣው ጥናት ነው። የጡት ካንሰር የተገኘባቸውን 2,835 ሴት ነርሶች ተከታትሏል። ሁሉም ነርሶች ናቸው፤ ሙያቸውና የጤና ዕውቀታቸው ተቀራራቢ ነው። ስለ ዘመድና ስለ ጓደኛ የተጠየቁት ደግሞ ከመታመማቸው በፊት ነው። ስለዚህ «በሽታው ነው ሰው ያራቀባቸው» ማለት አይቻልም። ሰው የሌላቸው በጡት ካንሰር የመሞት አደጋቸው ሰው ካላቸው በእጥፍ በለጠ። የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ ወይም በሕይወት ያለ ልጅ የሌላቸው ይበልጥ ተጎዱ። የሚገርመው ምሥጢር የሚያካፍሉት ሰው መኖር አለመኖሩ ግን ለውጥ አላመጣም። ተመራማሪዎቹም የልዩነቱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ያሉት እንክብካቤ ማጣትን ነው፤ ዘመድ፣ ጓደኛና ያደጉ ልጆች የሚያደርጉትን ማስታመም ማለት ነው። የሚያዋያትን ሳይሆን የሚያስታምማትን ያጣች ሴት ተጎዳች።

ትዳር ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም ልጨምር፤ በዚህ በኩል ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የአንጎል ዕጢ፣ ሌላ ካንሰር ወይም ከባድ የነርቭ በሽታ ያለባቸውን 515 ሰዎች ያጠና ሥራ በ2009 ወጥቶ ነበር። ታማሚዋ ሚስት ስትሆን 20.8 በመቶው ትዳር ፈረሰ። ታማሚው ባል ሲሆን የፈረሰው 2.9 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ፎርም ላይ «ያገባች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጎ «ቤቷ ሰው አለ» ብሎ ማለፍ እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

«ሕክምና ነፃ ከሆነ ድህነት ዕድሜ አያሳጥርም»

ዴንማርክ ሕክምና በግብር የሚሸፈንበት አገር ነው። ከ1994 እስከ 2003 የነበረውን መረጃ ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን እዚያም ትምህርታቸውና ገቢያቸው ዝቅ ያሉ ሰዎች በአብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች የመትረፍ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። የሆስፒታሉ ሂሳብ ቢከፈልም የቀረ ደመወዝ አይከፈልም። ልጅ የሚጠብቅ ሰው አይመጣም።

ይህ ደግሞ ቀን ይበላል። የአንጀት ካንሰር በኦፕሬሽን ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት፣ ያስፈልገዋል። በ2011 የወጣ ትንተና እንደሚለው ኬሞው በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋ በ14 በመቶ ያህል ይጨምራል። አራት ሳምንት እንዴት ያልፋል? አንዴ ቁስሉ አልጠገገም። አንዴ አሠሪው ፈቃድ ከለከለ። አንዴ የሚያደርስ ሰው ታጣ። ማንም «ሕክምና አልፈልግም» አላለም፣ ሐኪሙም አልሰነፈም። ጊዜው ግን አለፈ። ሕክምና ነፃ ባልሆነበት ደግሞ የባሰ ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ካንሰር ከያዛቸው መካከል በፍርድ ቤት ኪሳራ ያወጁት፣ ካላወጁት ይልቅ የመሞት አደጋቸው በ79 በመቶ በልጦ መገኘቱ በ2016 ታትሟል።

«የድጋፍ ቡድኖች ተሞክረው ከሽፈዋል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የጠቀሱት ታሪክ ትክክል ነው። በ1989 የወጣ ጥናት የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸውን 86 ሴቶች አጥንቶ፣ በቡድን እየተገናኙ የተወያዩት በአማካይ 36.6 ወር፣ ሌሎቹ 18.9 ወር ኖሩ አለ። ዓለም ተደነቀ። በ2001 ግን በ235 ሴቶች ላይ ሲደገም 17.9 ወር ከ17.6 ወር ሆነ፤ ልዩነት የለም። የመጀመሪያው ጥናት ባለቤት ራሳቸው በ2007 ደግመው ሞክረውት ያንን ውጤት አላገኙም። ጭንቀትና ሕመም ይቀላል፤ ዕድሜ ግን አልረዘመም። እቀበላለሁ።

ግን የተሞከረው ምንድን ነው? በሳምንት አንዴ ተገናኝቶ ስለ ስሜት መወያየት ነው፤ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ። ማንም ለእነዚያ ሴቶች ትኩሳት አልለካም፣ ቀጠሮ አላስታወሰም፣ መርፌ አልወጋም። የውይይት ቡድን ዕድሜ አላስረዘመም ተብሎ የሚያስታምም ሰው ጥቅም የለውም አይባልም። የነርሶቹ ጥናትም እኮ ያለው ይህንኑ ነው።

ይልቅ ጸሐፊው ያላነሱትን ላንሳ። በ2025 የወጣ ሰፊ ጥናት የአንጀት ካንሰር ኦፕሬሽንና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም ስለ አካል እንቅስቃሴና ስለ አመጋገብ የሚመክር ጽሑፍ ተሰጣቸው። ለግማሾቹ ግን ለሦስት ዓመት የሚከታተላቸው፣ እየተገናኛቸው የሚያበረታታና የሚያሠራ ባለሙያ ተመደበላቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ክትትል ከነበራቸው 90.3 በመቶው፣ ጽሑፉ ብቻ ከደረሳቸው 83.2 በመቶው በሕይወት ነበሩ። የረዳው እንቅስቃሴው ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ሆኖም «ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ለሁለቱም ደርሷል። ወደ ተግባር የቀየረው ግን «ትናንት ለምን ቀረህ?» የሚል ሰው መኖሩ ነው። ይህ በዕጣ የተመደበ ጥናት ስለሆነ «ድሮም ጤነኞች ነበሩ» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም።

«ዋናው የታማሚው የመንፈስ ጥንካሬ ነው»

ይህን ነጥብ ጸሐፊው ለምን እንዳስገቡት አልገባኝም። ቤተሰብ ዕድሜ አይቀጥልም ካሉ በኋላ መንፈስ ይቀጥላል ማለት አብሮ አይሄድም። በ2007 የታተመ ጥናት የራስና የአንገት ካንሰር ያለባቸውን 1,093 ሰዎች መርምሮ፣ የስሜት ደህንነታቸው በሕይወት ከሚቆዩበት ጊዜ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ እባካችሁ ከኦፕሬሽን ለወጣ ሰው «በርታ፣ ተስፋ ከቆረጥክ ይመለሳል» አትበሉት። እንዲያለቅስ ተዉት። ካንሰሩ ቢመለስ ጥፋተኛው እሱ አይደለም።

«ሆስፒታል ገንዘቡን ኦፕሬሽን ክፍል ላይ ያውል»

የጸሐፊው የመጨረሻ ጥሪ ይህ ነው። እንደ እኔ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጡት ራሳቸው ቀዶ ሐኪም የሆኑት ሃሮልድ ፍሪማን ናቸው። በኒውዮርክ ሃርለም ሆስፒታል የጡት ካንሰር ያለባቸው፣ አብዛኞቹ ድሆችና ጥቁር የሆኑ ሴቶችን ያክሙ ነበር። ከ1964 እስከ 1986 ከታከሙት 606 ሴቶች አምስት ዓመት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ የመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ቢላዋው የቱንም ያህል ቢሳል ለዚህ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ ነፃ ወይም ርካሽ ምርመራ ተከፈተ፤ በ1990 ደግሞ ታማሚውን ከቀጠሮ ቀጠሮ፣ ከክፍል ክፍል እየመሩ የሚያደርሱ ሰዎች መመደብ ተጀመረ። ከ1995 እስከ 2000 ከታከሙት 325 ሴቶች አምስት ዓመት የቆዩት 70 በመቶ ሆኑ። በመካከሉ ሕክምናውም ተሻሽሏል፣ ምርመራውም ብዙ ሠርቷል። ሁሉንም ለመሪዎቹ አልሰጥም። ነገር ግን የተመደበ ሰው፣ ዘመድ ባይሆንም፣ የዘመድን ሥራ መሥራት እንደሚችል እዚያ ታይቷል።

ጸሐፊው ለብቸኛ ታማሚዎች የሚጨነቁ ከሆነ ሊይዙት የሚገባው ይህንን ነው። «ብቸኝነትህ አይጎዳህም» ብሎ ማረጋጋት ለእነሱ ምንም አያደርግላቸውም። ዘመድ የሚረዳው በደም ትስስሩ ቢሆን ኖሮ ብቸኛ ሰው ተስፋ አልነበረውም። የሚረዳው ግን በሚሠራው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ለነርስ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ለጎረቤት፣ ለበጎ ፈቃደኛ ይሰጣል።

ታማሚው ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቀውም ረጅም አይደለም። ማታ አብሮህ የሚያድር ማን ነው? ቴርሞሜትር አለህ? መርፌውን ማን ይወጋልሃል፣ ወግቶ አሳይቶናል? ትኩሳት ቢመጣ የምትደውልበትን ቁጥር ይዘሃል? ለኬሞ ቀጠሮ ማን ያመጣሃል፣ እሱ ቢቀርስ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «ማንም የለም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ሰውየው በሩን ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ የሚደውልለት ሰው ስም ካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። እህቴ ስትወጣ እኛን ማንም አልጠየቀንም፤ አጠገቧ ስለቆምኩ በቂ መስሏቸው ይሆናል። ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የነበሩትን፣ ጠያቂ ሲመጣላቸው አይተን የማናውቃቸውን እናትም ማንም አልጠየቃቸውም።